ዲግሪዬን ስለ መደበቄና ውሃው ሽቅብ እንዲፈስ ስለ መታዘዙ

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሀና ማርያም

ለክቡር ኢንጂነር ኢያቄም
የደቡብ በር የመንገድና የፍሳሽ ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለቡ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው ጽሕፈት ቤትዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው ሰፊ መስኮትም እኔ ከሄድኩ ወዲህ የሚወለውለው ሰው አግኝቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በስሜ ካላስታወሱኝ አልቀየምዎትም፤ ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ቢሮዎን ሳጸዳ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁምና። በታኅሣሥ ወር "የትምህርት ማስረጃ ደብቃ በመቀጠር" በሚል ጥፋት ያሰናበቱኝ የጽዳት ሠራተኛ ሲና ማሞ እኔ ነኝ። ደበቀች የተባልኩት ማስረጃ በውሃ ሀብት ምህንድስና ያገኘሁት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ስላላወቅሁና ክረምቱ ሊገባ የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ስለሆኑ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሥራዬ አይደለም። ፉሪ ላይ ያሠሩት የፍሳሽ ቦይ ሰኔ ሳይጋመስ ተከፍቶ እንዲስተካከል ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የሚገባዎትን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ሥራ ላጡ ምሩቃን በተዘጋጀው መድረክ ላይ ቆመው "ዲግሪ ወረቀት ነው፤ ወረቀት አቅፋችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ሥራ አትናቁ" ሲሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጽፌዋለሁ። በዚያን ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር አራት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ውጤቴን በቃሉ ያውቀዋል። አባቴ ደግሞ ጥቁር ካባ ለብሼ የተነሳሁትን የምረቃ ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዶ መኝታ ቤት ሰቅሎት ነበር፤ ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር "ልጅህ አሁን የት ገባች?" መባሉ እንደሰለቸው ስለማውቅ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ምክርዎን እንዳለ ተቀበልኩ። ለዕቃ አጣቢነት ያመለከትኩበት ሆቴል ማስረጃዬን አገላብጦ "የተማረ ሰው አይበረክትልንም" ብሎ በመለሰኝ ሳምንት፣ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ ለቡ ታክሲ ተራ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ጓደኛዬ ፅጌረዳ "አንቺ ጅል፣ እሱን ነገርሽን ቆልፊበትና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪሽን ይዘሽ ሂጂ! እኔ ራሴ ሰው የሆንኩት ዲግሪ እንዳለኝ መናገር ካቆምኩ በኋላ ነው" አለችኝ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ያወጣው ማስታወቂያም ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች የጽዳት ሠራተኛ ይላል። ስምንተኛ ክፍልን በእርግጥ አጠናቅቄአለሁ። አልዋሸሁም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

2ኛ. ስለ ንድፉ አመሰግናለሁ። በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ጠረጴዛዎን ስወለውል የፉሪው ቦይ ንድፍ ተዘርግቶ፣ የማኪያቶ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘሁት። ብርጭቆውን ሳነሳ ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ አረፈ፤ አምስት ዓመት ሙሉ እንዳነብ የተማርኩት እነዚያን ቁጥሮች ስለሆነ አላየሁም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አዲሱ አስፋልት ሲሠራ ቦታው በገረጋንቲ ተሞልቶ ከፍ ብሏል። የቦዩ መግቢያ የተሰላው መሬቱ ከመሞላቱ በፊት በተለካው ቁጥር ሲሆን፣ መውጫው የተሰላው ደግሞ ከተሞላ በኋላ በተለካው ነው። በዚህም ምክንያት ውሃው የሚወጣበት ጫፍ ከሚገባበት ጫፍ አርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተስሏል፤ በአጭሩ ቦዩ ጎርፉን ከመንገዱ ተቀብሎ ወደ ወንዙ በመውሰድ ፈንታ ወደ ሰፈሩ ቤቶች የሚመልስ ነበር። ንድፉ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ መሆኑን ስላየሁ፣ በአክብሮት፣ በጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "መውጫው ከመግቢያው በ40 ሳ.ሜ. ይበልጣል። ከመቆፈሩ በፊት እንደገና ይለካ።"

በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ ንድፉን ከፍ አድርገው "ማነው ይህን የሞነጫጨረው?" ሲሉ፣ የተጻፈው ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም የጎማ ጓንቴን ሳላወልቅ እጄን አወጣሁ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እርስዎም ስቀው "አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨርሰሽ ነው ወደ እኛ የመጣሽው?" አሉኝ። ሳቁ የቆመው ይህን ከየት እንዳወቅሁት ጠይቀውኝ እውነቱን ስነግርዎት ነው።

3ኛ. ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ። በዚያ ሰሞን የሠራተኛውን የትምህርት ማስረጃ ያጣራው ኮሚቴ ችግር ያገኘው በሁለት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። አንደኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ዲግሪዬ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ፤ ዲግሪዎን ሰጠ የተባለው ኮሌጅ ስምዎን መዝገቡ ውስጥ አጣው። ኮሚቴውም እርስዎ ማስረጃዎን በስድስት ወር ውስጥ አስተካክለው እንዲያቀርቡ፣ እኔ ግን ከዚያች ዕለት ጀምሮ እንድሰናበት ወሰነ። ሁለቱ ውሳኔዎች የተጻፉት በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መለጠፍ የጽዳት ክፍል ሥራ ነውና። እንዳይጣመም አራቱንም ጫፍ አስተካክዬ ነው የለጠፍኩት። ዲግሪ ለእንጀራ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም እየተባለ በየታክሲው የሚደረገውን ክርክር ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ መልሱን ያገኘሁት ያን ጊዜ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነው። ዲግሪ በጣም ይጠቅማል፤ ችግር የሚያመጣው የተማሩበት እንደሆነ ነው።

4ኛ. መልቀቂያዬ ላይ "በማጭበርበር የተሰናበተች" ተብሎ እንዲጻፍ ስላደረጉ፣ ዛሬ በምህንድስናም በመጥረጊያም የሚቀጥረኝ የለም። ፅጌረዳ ከጠረጴዛዋ ጥግ ቆርሳ ሰጥታኝ የስልክ መስታወት እለጥፋለሁ። ስለዚህኛው ብዙ አልልም።

የሚቀጥለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ቦዩ በጥርና በየካቲት፣ በንድፉ መሠረት፣ አንዲት ሳንቲ ሜትር ሳይቀየር ተሠርቶ ተመረቀ። መጋቢት 19 ቀን ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ዘነበ፤ ክረምት አልነበረም፤ የበልግ ዝናብ ነው። ውሃው እርስዎ ባዘዙት መሠረት ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ ኮሌጅ ስላልገባ ይሆናል፣ ትእዛዝዎን አልተረዳውም። ተመልሶ ከመንገዱ በታች ወዳሉት ቤቶች ገባ። የመጀመሪያው የኦቦ ጉተማ ቤት ነው። ኦቦ ጉተማ ያ ሰፈር ሁሉ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን ሲያርሱት የኖሩ፣ ዛሬ በቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ የጭቃ ቤት ሠርተው የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ደራርቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ግድግዳው ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ጭኗ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ አትራመድም።

ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ኦቦ ጉተማ የወደቀውን ግድግዳ በላስቲክ ሸፍነው፣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩና ምን እንደጻፍኩ ስነግራቸው "ልጄ፣ ይሄ መሬት ወዴት እንደሚያዘነብል እኔን ቢጠይቁኝ እኮ እነግራቸው ነበር። ስልሳ ዓመት አርሼዋለሁ። አንድ ሰው መጥቶ አልጠየቀኝም" አሉኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እሳቸው ዲግሪ ስለሌላቸው አልተጠየቁም፤ እኔ ዲግሪ ስላለኝ ተባረርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተመልሼ፣ ሌላው ቢቀር ያ በእርሳስ የተጻፈበት ንድፍ ወጥቶ እንዲታይ ለመንኩ። የሰው ኃይል ባለሙያዎ አቶ ከድር፣ ምስጋና ይግባቸውና ወንበር ሰጥተው፣ ንድፉ በእኔ ላይ የቀረበ ማስረጃ ሆኖ በዲሲፕሊን ፋይሌ ውስጥ መታሸጉን፣ ይግባኜ ሳይታይ ሊወጣ እንደማይችልና ይግባኙ የሚታየው በነሐሴ መሆኑን አስረዱኝ። ዝናቡስ እስከ ነሐሴ ይጠብቃል ወይ ስላቸው፣ "እህቴ፣ እሱ የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም" አሉኝ። በዚያ ቦይ ዳር ከኦቦ ጉተማ ቤት ሌላ አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ ሁሉም የጭቃ ናቸው። አሥራ ሁለቱን ቤቶች ከሐምሌ ጎርፍ የሚያድነው ቁጥር እርስዎ ቢሮ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የእኔ ጥፋት ተብሎ ተቆልፎበታል።

ስለዚህ በታላቅ ትህትና የምጠይቅዎ፣ ቁም ሣጥኑን እንዲከፍቱና ቦዩን እንዲያስለኩ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ ቢሉ አልቃወምዎትም። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎት በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ላጲስ ይበቃዋል። ይግባኜም ሳይታይ ይቅር። ቦዩን ብቻ ያስከፍቱት።

ማስረጃዎን እንዲያስተካክሉ የተሰጠዎ ስድስት ወር የሚያበቃው በሰኔ ነው፤ ዝናቡም የሚገባው በዚያው በሰኔ ነው። ሁለቱ እንዳይደራረቡብዎ ከልብ እየሰጋሁ፣ በቀረዎት ጊዜ መልካም ጥናት እየተመኘሁ፣ ወለልዎን በማጽዳት ላገለገልኩበት ዘመን ላሳዩኝ ቸርነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዝቅ ማለቱን እዚያው እርስዎ ዘንድ ለምጄዋለሁና።

ሲና ማሞ
የውሃ ሀብት መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለአቶ ከድር፣ በፋይሌ ውስጥ እንዲያያዝ፤
በፉሪ ከቦዩ በታች ለሚገኙ አሥራ ሁለት ቤቶች፤
ለአባቴ ለአቶ ማሞ፣ ፎቶውን ወደ ሳሎን እንዲመልሰው።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ባለፈው እሁድ ግንበኞች ልክ የሚያወጡበትን ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ተውሰን፣ ኦቦ ጉተማ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን፣ ደራርቱ በራፉ ላይ ተቀምጣ በደብተሯ እየጻፈችልን ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ለካነው። በእርሳስ የጻፍኩልዎ 40 ሳንቲ ሜትር ልክ አይደለም፤ 46 ነው። እባክዎ በፋይሌ ውስጥ ያርሙልኝ። ቁጥሮቹን በችኮላ ስቀናንስ የተፈጠረው ስህተት የእኔ ነው፤ ለማስተካከል የፈጀብኝም አንድ ጠዋት ነው።