ለዥንጉርጉሮቹ ሙዞች አትሳሺላቸው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ዳገቱን እየተቆጣሽ ነው የምትወጪው? እናታችንስ ጆሮዋ እንዴት ነው? አሁንም የምትሰማው የወደደችውን ብቻ ነው? እኔ እሱ ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ የምሠራው የሙዝ ዘር ከሚለቀምበት ክፍል ነው። የምንበላው ሙዝ የሚዘራ ፍሬ የለውም፤ ለማዳቀያ የሚተከለው ግን ፍሬ አለው። ዘለላው እስኪበሰብስ ይተዋል፤ ከዚያ እጃችንን እስከ ክርን ነክረን፣ ንፍጥ የመሰለውን እየጨመቅን ጥቁሩን ፍሬ እንለቅማለን። ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ሽታው ትራሴ ላይ ያድራል። ይህንንስ ለምጄው ነበር፤ ውኃ ያስለቅቀዋል።

ያንገሸገሸኝ ሌላ ነው። ከዘሩ የበቀሉት ችግኞች ቅጠላቸው ላይ ቢጫ ሰረዝ አወጡ። ተመርምሮ መልሱ ሲመጣ፣ ፍሬው የተለቀመባት እናት ተክል ታማ በዘሯ ያስተላለፈችው በሽታ ሆኖ ተገኘ። አለቃችን ግን፣ "ባለ ሰረዙን ቅጠል ቁረጡት፤ ቀጣዩ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ገዢ የሚገዛው ያየውን ነው" አለን። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ፣ "በስተርጅና ጸጉር አስተካካይ ሆንን በለኛ" ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅሁ ቆረጥሁ። በኋላ አንዲት ገበሬ መጥታ፣ ጤነኛ ነው ወይ ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። አለቃው ቀደመኝና፣ "ከዘር የወጣ ነው እናቴ፣ ምን በሽታ ያገኘዋል" አላት። እኔም እውነቱን ሳልነግራት ችግኙን አሸከምኋት። ማታ በዚያው አፌ ልጸልይ ስል ራሴን ተጸየፍሁት።

በዚህ መሐል ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዓምና አለቃው፣ "ድርቅ ይችላል፣ ለዘመዶችህ" ብሎ የሰጠኝና የላክሁልሽ ፍሬ በቅሎ፣ ቅጠሉ እንደ ቀሚስ ጥለት በቢጫ አጊጦ፣ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን ልጅ ለመውሰድ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅሽን እየጠና ነው አልሽኝ። ከሁሉ ያጌጠችውን፣ ደጃፍሽ ላይ የበቀለችውን፣ በሟች ባለቤቴ ስም መጥራትሽንም አነበብሁ።

እትዬ፣ ያ ጌጥ አይደለም፤ በሽታው ነው። ለማንም አንድ እንኳ አትስጪ። የሰጠሽው ካለ ቤቱ ድረስ ሄደሽ ንገሪው። ሁሉንም ከነሥራቸው አውጥተሽ ቅበሪ፤ ደጃፍሽ ላይ ካለችው ጀምሪ። ባለቤቴን ታውቂያታለሽ፤ እድፍ ያለበት ሳህን ለጎረቤት የማታውስ ሴት ነበረች። ስሟ እዚያ ተክል ላይ አይቆይ። እኔም እሑድ ከጸሎት ስወጣ የዚያችን ገበሬ ቤት አጠያይቄ እሄዳለሁ፤ አለቃው ከሰማ የራሱ ጉዳይ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጋሼ፣ ቁፋሮው የባል ድርሻ ነው ብሏል በይው፤ ወገቤን ካለሽ አትመኚው። ውኃ ስታጠጣቸው የከረመችውን ልጅሽን አቅፈሽ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም ብሎሻል በያት።

ወንድምሽ
ከችግኝ ጣቢያው ማደሪያ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን