ቤቱን ሲያስመልሰው

ጥቅምት 4
የፀጉር ቤቴን ቁልፍ ዛሬ ለገዢው አስረከብኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ስዞር ኖርኩ... በቃ። በሽያጩ ብር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ቤት ገዛሁ፤ ከእንግዲህ አከራይ ነኝ። ባለ አንድ መኝታ፣ ግራውንድ፣ መስኮቱ መንገድ ዳር። ያገኘልኝ የሚስቴ ወንድም ነው፤ ደላላ ነው። "ቤት ማለት ተኝቶ መብላት ነው" አለኝ። ሚስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ቆሞ መብላት የለመደ ሰው ተኝቶ ሲበላ ያንቀዋል" አለች። ከወንድሟ ጋር ድሮም አይግባቡም።

ጥቅምት 21
የስም ማዛወሪያ። ግብር። የቀድሞው ባለቤት ጥሎልኝ የሄደው የመብራት ውዝፍ። ይህን ሁሉ ማን ነገረኝ? ማንም። ደላላውም ኮሚሽኑን ቆጥሮ ተቀበለ።
"እህትህን እኮ ነው ያገባሁት!"
"ዝምድና ሌላ፣ ሥራ ሌላ፣ ወንድሜ።"
አቅፎ ሳመኝ። በነፃ።

ኅዳር 11
ተከራይ ገባ! አዲስ ተጋቢዎች። ባልየው ጎንበስ ብሎ "ጋሼ" ሲለኝ ቁመቴ ጨመረ። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈሉ። ብሩ ኪሴ ውስጥ አላደረም... የበሩ ቁልፍ፣ የመስኮቱ መስታወት፣ የቀለሙ ዕዳ።
ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ ተኛሁ። ልምምድ።

ጥር 8
ጠዋት ተከራዩ ደወለ።
"ጋሼ፣ እያስመለሰው ነው።"
"ማንን?"
"ቤቱን። በሽንት ቤቱ በኩል።"
ሮጥኩ። እውነቱን ነው። ከላይ አምስት ፎቅ አለ፤ ዋናው ቧንቧ ሲደፈን የአምስቱም ፎቅ ጉድ የሚመለሰው እኔ ቤት ነው። ለካ ግራውንድ የረከሰው ለዚህ ነው! የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አፍንጫውን ይዞ ከበር ላይ ፈረደ፤ "አንተ ቤት የወጣ ያንተ ነው።"

ጥር 13
ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። አየ። ራሱን ነቀነቀ። ለነቀነቀበት አስከፈለኝ።

ጥር 19
ተከራዮቹ ወጡ። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሽታውን አልቻለችም። ልፍረድባቸው? "የቀረውን ቅድሚያ ይመልሱልን፣ ጋሼ።" ብሩ ቀለም ሆኗል ብዬ እንዴት ልንገረው... ከሚስቴ ተበደርኩ።

መጋቢት 17
ሁለት ወር ባዶ። ቤቱ ባዶ መሆኑን የጥበቃና የጽዳት መዋጮው ገና አልሰማም። ዛሬ ደላላው አንዲት ሴትዮ አመጣ። ገና በሩ ላይ፣
"የምን ሽታ ነው?"
"አዲስ ቀለም ነው፣ እመቤቴ" አለ ደላላው።
"ቀለሙ ምን በልቶ?"
ሄደች። እኔስ ብሆን እገባበት ነበር?

ሚያዝያ 6
በድሮ ፀጉር ቤቴ በኩል አለፍኩ። ወረፋ። የድሮ ደንበኛዬ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ማጅራቱን አይጥ የቀመሰው መስሎ ወጣ።
"የት ጠፋህ?"
"ተኝቼ እየበላሁ።"
ቤት ስገባ ሚስቴ የሰው መጋረጃ ትሰፋለች፤ ለልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ። ቀና ብላ አየችኝና መስፋቷን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር...

ሚያዝያ 7
ከቁርስ በፊት፣ "በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት" አልኳት።
"አውቃለሁ" አለች። ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "መስኮቱ መንገድ ዳር አይደል?"
"ነው።"
"ሰው ያልፍበታል?"
"ያልፍበታል።"
"ሰውየው ደግሞ ፀጉር አለው?"

ግንቦት 23
ፍሳሹን ወደ ቤት የማያስመልስ መዝጊያ ተገጠመ። በምን ብር? የሚስቴ የአንገት ሐብል ተሸጦ፣ አሁን መሬት ውስጥ ሆኖ ሽንት ቤት ይጠብቃል። የንግድ ፈቃዱም ወጣ። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት... መቀሴን ዘይት ቀባሁት።

ሰኔ 12
ዛሬ ሰባት ሰው። ሽታ የለም፤ ሽቶ እንጂ። የኮሚቴው ሰብሳቢም መጣ፤ ሊቆጣጠር ይሁን ሊቆረጥ አልገባኝም፣ ብቻ አስቀመጥኩት። ምላጩ ማጅራቱ ላይ ሲደርስ፣
"ጋሽ ሰብሳቢ፣ የመዝጊያውን ወጪ አምስቱም ፎቅ ቢጋራውስ?"
ራሱን ሊነቀንቅ አሰበና... ተወው። "ፍ... ፍትሐዊ ነው" አለ። አስፈረምኩት፤ ፎጣው ከአንገቱ ሳይወርድ።
ተረኛው ሲቀመጥ ዙሪያውን ቃኘ። "እዚህ ቦታ ኪራዩ አይከብድህም?"
"አከራዬ ሞኝ ነው" አልኩት። "ጢሙን በነፃ ስለምላጨው ዝም ይለኛል።"