የሻምበሉ ክታብ

ኅዳር 5፣ 1978

ሐሙስ ገበያ። ጠዋት እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነበር! ገጠሬው ከቡና ለቀማ ወጥቶ ከተማውን ሞልቶታል። ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚያስቀይር… ረሺዳ ከጎኔ ክርና ቁልፏን ዘርግታ ስትለፈልፍ ዋለች። "ኧረ ማሎ ተናኘ፣ ይሄ የስፌት መኪናሽ እንዲህ ከሚጮህብሽ ባል ብታገቢ አይሻልም?" ባልስ ከዚህ ያነሰ ይጮሃል?

ከሰዓት ከአየር ማረፊያው ካምፕ የሚጠገን ልብስ መጣ። እንደ ወትሮው። ከመሀሉ አንድ ጃኬት፣ ወረቀት ተሰክቶበታል። "የደረት ክንፉ ይፈታ።" ኮሌታውን ገልበጥ ሳደርግ… የራሴ ስፌት። የአብተው ጃኬት! የእናቴ ልጅ፣ አዝዬ ያሳደግሁት። ያንን የአብራሪነት ክንፍ አምና የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ እልል እያልኩ።

ትእዛዝ ነው፣ ምን ላድርግ? በምላጭ ፈታሁት። ጣቴን ቆረጥኩ።

ኅዳር 6

ስንቅ ይዤ ካምፕ ሄድኩ። አብተው ታስሯል። በአጥሩ ሽቦ በኩል አወራን።

አለቃው ሻምበል ወልደሰማያትና እሱ፣ ሁለቱ ብቻ፣ በሊሙ ጫካ ላይ ለቅኝት እየበረሩ ነበር። ኮንትሮባንድ ቡና የሚያሻግሩትን ሊያዩ።

"እታበባ፣ ሰፌድ የሚያህል ነጭ ብርሃን። በጠራራ ፀሐይ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ከክንፋችን ጎን ሆነ። ስንዞር ዞረ፣ ስንወጣ ወጣ። ከዚያ ሽው… የለም።"

"ሻምበሉስ?"

"እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። 'አየኸው? አየኸው አይደል?' አለኝ። እንባው ይወርድ ነበር።"

መሬት ሲወርዱ አብተው ያየውን ጻፈ። ሻምበሉ ግን "እኔ ምንም አላየሁም፣ ልጁ ጠጥቶ ነበር" ብሎ ፈረመ። ሻለቃነቱን እየጠበቀ ነዋ! አብተው መጠጥ? ጠላ እንኳ የማይቀምስ ልጅ! ኅዳር 20 በካሚዮን ተጭኖ ወደ ሰሜን… እግረኛ ጦር።

ለዚያ ሰው የተመኘሁለትን አልጽፈውም። ወረቀቱ ይቃጠላል።

ኅዳር 9

ስሰፋ ዋልኩ። መርፌው በገባ ቁጥር እሱን ወጋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አይ… አሁን አይበለኝ። ቆይቶ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ዐይን አይገለጥም። ከጭሱ ውስጥ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ራሱ! ሻምበል ወልደሰማያት፣ በሲቪል ልብስ። የአብተው እህት መሆኔን አያውቅም። እናት እንጂ አባት አንገናኝም፣ የአባት ስማችን ለየቅል ነው።

"እትዬ ተናኘ፣ ምስጢር ያውቃሉ ብለውኛል።"

"ልብስ ሰፊ ያላየው ምን ገመና አለ?" አልኩት።

ከኪሱ የተጠቀለለ ብራና አወጣ። ክታብ! ቆዳ አልብሼ ከበረራ ጃኬቱ ገበር ስር፣ በልቡ በኩል እንድሰፋለት። በየስብሰባው "ኋላቀር እምነት ይውደም!" እያለ የሚጮኸው የፓርቲ አባል!

"ለምንዎ ነው?"

"ለ… ለራስ ምታት።"

ራስ ምታት በደረት? አልሳቅሁም።

ኅዳር 13

ረሺዳ "የሰው ክታብ አይከፈትም፣ ዐይንሽ ይጠፋል፣ አዑዙ ቢላህ!" ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከፈትኩት። ዐይኔ አልጠፋም፣ እንዲያውም በራልኝ። ቄስ ትምህርት ቤት የለቀምኳት ግዕዝ ለካ ለዛሬ ኖሯል! "አድኅኖ ለገብርከ ወልደ ሰማያት እምእሳት ዘርእየ በሰማየ ሊሙ።" ባሪያህን ወልደሰማያትን፣ በሊሙ ሰማይ ካየው እሳት አድነው!

ክታቡን ለጻፈለት ደብተራ አይቻለሁ ብሏል። በወንድሜ ላይ ነው ዐይኑ የጠፋው።

ብራናውን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩ። ቆዳው ውስጥ የገበር ቁራጭ አጣጥፌ ከተትኩ። ስፌቱን ግን አሳመርኩት። ባዶ ይዞ ይብረር።

ኅዳር 14

ወሰደ። ደረቱን እየዳበሰ "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። አሜን አልኩ። አሜን እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ኅዳር 17

መጣ። ፊቱ እንደ አመድ።

"እትዬ ተናኘ፣ ዛሬም መጣብኝ። እዚያው ሊሙ ላይ… ክታቡ አልሠራም።"

"ባዶ ቆዳ ምን ብሎ ይሥራ?"

"ምን አሉ?"

"ብራናው እኔ ዘንድ ነው። አብተው ደግሞ የእናቴ ልጅ ነው።" አንቱታው ከአፌ ጠፋ። "ወይ ነገ ሄደህ አይቻለሁ ብለህ ፈርም፣ ወይ የፖለቲካ ኃላፊያችሁ ብራናህን ያነብበዋል። ስምህም አለበት፣ ሊሙም አለበት።"

"ያጠፉኛል እኮ!"

"እሱንስ?"

ባዶውን ደረቱን ዳበሰ። ረሺዳ ቁልፍ መደርደሯን ትታ አፏን ከፍታለች።

"ከፈረምኩ… ይመልሱልኛል?"

"አንተ ፈርም።"

እውነት ለመናገር፣ ከሄደ በኋላ ሣጥኔን ከፍቼ ብራናውን አየሁት። ሰውየውን ያለ መከላከያ ነው እዚያ ነገር ፊት የላክሁት… ይበለው! ይበለው።

ኅዳር 19

ፈረመ። አብተው ተፈታ። ረሺዳ ቁልፎቿን እንደ ፈንድሻ በላዩ በተነች፣ ሲለቀም ዋለ።

ታኅሣሥ 3

ሐሙስ ገበያ። የካምፑ ልብስ መጣ። ከላይ አንድ ጃኬት፣ ወረቀት ተሰክቶበታል። "የደረት ክንፉ ይፈታ።"

ሻምበሉ! መጀመሪያ ሐሰት ፈርሟል ተብሎ ወደ ሰሜን ነው።

አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ቁርሴን በላሁ። ከዚያ ምላጬን ይዤ አንድ አንድ ክር ፈታሁ። ጣቴን አልቆረጥኩም።

አብተው አጠገቤ ነው። የራሱን ክንፍ መልሼ ሰፍቼለታለሁ፣ ግን ሁለተኛ አልበርም ይላል። ደጅ ሲወጣ ወደ ሰማይ አያይም። የሻምበሉን ክንፍ ስፈታ አየኝና፣

"እታበባ፣ ብራናውን መልሽለት።"

"ለምን ሲባል?"

"እዚያ ላይ እጄን ይዞኝ ነበር።"

ሣጥኔን ከፈትኩ። ከጃኬቱ ውስጥ ከሰፋሁት ቆዳ የገበር ቁራጩን አውጥቼ ብራናውን አስገባሁ። ሰም በተቀባ ክር፣ ደርቤ ሰፋሁት። በእጅ ቢጎትቱት አይፈታም።

አብተው "ማርሽው" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ምን ምሕረት! አይቻለሁ ያለበት ብራና ልቡ ላይ ተሰፍቶ ይሂድ። የትም ቢደርስ፣ ማንም ቢጠይቀው፣ ዳግመኛ "አላየሁም" እንዳይል።