የዘለልኩት አንቀጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ እማዬን ደግፌ ፍርድ ቤት በር ላይ ወዳለው ማመልከቻ ጸሐፊ ወሰድኳት። መርካቶ ባጃጅ የገጨው እግሯ እንደገና ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ሰውየው ከባጃጁ ባለቤት ጋር የታረቀችበትን ወረቀት አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ ወደፊትም ካሳ አልጠይቅም ብለው ፈርመዋል እኮ። እንዲህ ያለ ዕርቅ እንደ ፍርድ ነው፤ ማፍረሱ ከባድ ነው።»

«ይሄ አልተነበበልኝም» አለች።

በዕርቁ ዕለት አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ ፊደል ስለማትቆጥር «አንቺ የተማርሽው አንብቢልኝ» ብላኝ ነበር። ካስታረቋቸው ሽማግሌዎች አንዱ አባ ጊዲ ሳይስሉ ሰላም እንኳ አይሉም። እኔም በየቃሉ መሃል እንደሳቸው እየሳልኩ አነበብኩ። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሳቸውም «ኤጋ፣ እንግዲህ ይቺስ ጠበቃ ትሁን» አሉ። ሳቁ ሞቅ ሲለኝ የመጨረሻውን አንቀጽ «ወዘተ» ብዬ ዘለልኩት። እማዬ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ማምሻውን አባ ጊዲ ሊጠይቋት መጡ።

«እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ የሸወዳችሁኝ» አለቻቸው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

በርጩማ አቀረብኩላቸው። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሳሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ስድቡን ተቀበሉልኝ።

እኔም የዘለልኩትን ሳልናገር ቡና ላፈላ ተነሳሁ።