የአባቴን ክፍል ለማድረቅ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

የጭስ ማውጫውን ሰረዝኩት። በቃ። ግንበኛው አባተ ድንጋይ ሊያስጭን ሲል ደወለልኝ፤ "ተወው፣ አንሠራውም" አልኩት። "ደብረ ብርሃን ላይ? ያለ እሳት?" አለኝ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንገዛለን አልኩት። "መብራት ካለ" ብሎ ዘጋው።

የቀረን ገንዘብ የሚችለው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ለአባቴ ክፍል ምድጃና ጭስ ማውጫ፣ ወይ ለመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር። አባቴ ከአንኮበር መጥተው ከእኛ ጋር ሊኖሩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ያገለገሉ ካህን ናቸው፤ ጉልበታቸው ብርድ አይችልም። ባለቤቴ ግርማም "አባትሽ የሚፈልጉት እሳት ነው" ብሎኛል። አውቃለሁ። እኔ ግን ቦይለሩን መረጥኩ። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ባለፈው ወር አንዷ ባልደረባዬ ቤቷን ስታስመርቅ ቧንቧ ከፍታ ትኩስ ውሃ እጃችን ላይ አፈሰሰችልን። ቀናሁ። በማግስቱ ሄጄ ቀብድ ከፈልኩ።

የቀረ፦ የሳሎን መስታወት። የመብራት ቆጣሪ (ሦስተኛ ምልልስ)። የዕቃ ማጠቢያ። ቀለም። ለገና መግባት አለብን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ቀለም ቀቢው መጣ። የአባቴ ክፍል ግድግዳ ላይ መዳፉን ለጥፎ ቆየና አሳየኝ፤ ርሷል። "ልስኑ አልደረቀም። አሁን ብቀባው በወሩ ይላጣል።" ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል። ያኔም ካልደረቀ ከገና በኋላ ነው፤ ሌላ ሥራ ይዟል።

በዚህ ውርጭ በአራት ቀን ምን ይደርቃል! ንድድ አለኝ። ጋሽ ሞላን ጠራኋቸው። ጋሽ ሞላ የግንባታው ዘበኛ ናቸው። ወለጋ ላይ መሬትና ከብት የነበራቸው ገበሬ ነበሩ፤ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ ከባለቤታቸው ጋር መጠለያ ጣቢያ ነው የሚኖሩት። ሌሊቱን እኛ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ያድራሉ። አንድ ማዳበሪያ ከሰልና ሁለት ማንደጃ ገዝቼ ሰጠኋቸው። አባቴ ክፍል ያቀጣጥሉት፣ በሩንም መስኮቱንም ይዝጉት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ አልኳቸው።

"ተዘግቶ ከሰል ደግ ነው እንዴ፣ መምህር?"

"ለግድግዳው እንጂ ለሰው አይደለም። ብቻ እንዳይጠፋ፣ ሌሊት እየተነሱ ይጨምሩበት።"

እሺ አሉ። መላ አላጣም እኔ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ግድግዳውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አንኳኳሁ፣ ዝም። ተጣራሁ፣ ዝም። ለሥራ የመጣው አባተ ደረሰና አጥር ዘሎ ከፈተልኝ። ጎጆዋ ባዶ ናት። የአባቴን ክፍል ስንከፍተው የሞቀ፣ የከበደ አየር ፊታችን ላይ መጣ። ጋሽ ሞላ ማንደጃው አጠገብ በጎናቸው ወድቀዋል። አስታውከዋል። አንድ እጃቸው የከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ ነው፤ ሊጨምሩበት ነበር የገቡት። አባተ በብብታቸው፣ እኔ በእግራቸው ይዘን ወደ ውጭ አወጣናቸው። ይተነፍሳሉ። አባተ ባጃጅ ጠርቶ አሳፈረን፤ እሱ ግቢውን ሊጠብቅ ቀረ። ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉላቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። "ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ማን አቀጣጠለ?" አለኝ።

"እኔ እንኳ እንዳያነዱ ነግሬያቸው ነበር።"

ማንም አላስገደደኝም። ሳላስብ አልኩት ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። አስቤ ነው ያልኩት።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"መምህርት ነኝ።"

"የምን?"

"የእንግሊዝኛ።"

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። አሥራ አራት ዓመት። ከሰል አየር ሲያጥረው ምን እንደሚያወጣ፣ ለምን እንደማይሸት፣ ደም ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ እየሮጠች መጣች። ለእሷም ያንኑ ደገምኩላት። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ባሏ በማይሰማበት ሰዓት፣ "አንተ እልኸኛ! እየነገሩህ! እየነገሩህ!" እያለች አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ትከሻዋን አሻሻለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ነቅተዋል! ትናንት ማታ ነው የነቁት። ራስ ምታት አላቸው፣ ሲቆሙ ያዞራቸዋል፤ ሐኪሙ ግን ተርፈዋል ብሏል። ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ምስጋና አቀረብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ማን እንዳመሰገንኩ ተጠራጠርኩ። ስለ እሳቸው ነው ወይስ ስለ ራሴ?

ብርቱካን ይዤ ገባሁ። እትዬ ይታይሽ እንደገና ጀመረች፦ "ይኸው መጡ! እንዳታነድ ያሉህ አይደሉም? ምናለ የሰው ቃል ብትሰማ!"

ጋሽ ሞላ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው "አዎ፣ ነግረውኛል። ብርዱ ነው ያሸነፈኝ" አሉ።

እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አሁን ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ያሉት ግን "ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት?" ነው። አልሰጠሁም አልኳቸው። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።

አመሰገኑኝ።

ከሱቁ ቦይለሩን ውሰጂ ብለው ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም። ክፍል ገብቼ ልጆቹን መጽሐፍ አንብቡ አልኳቸውና ጀርባዬን ሰጥቻቸው በመስኮት ስመለከት ደወል ተደወለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ለግርማ ነገርኩት። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"ለሴትዮዋ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ታዲያ ለእኔ መንገር ምን ይረባታል?"

ከሰዓት በኋላ አባቴ ደወሉ። ክፍሉ ደረሰ ወይ አሉኝ። እንደ ልማዴ "ደርሷል አባባ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ ማለቴን ሳይቀር። ስጨርስ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ። ልጄ፣ በሰው እስትንፋስ የደረቀ ግድግዳ አልደገፍም። ለገና አልመጣም። መጀመሪያ ሰውየውን።"

ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ወደ ሱቁ ሄጄ ቦይለሩን ሰረዝኩ። ቀብዱ አይመለስም ተባልኩ። አልተከራከርኩም። ለአባተ ደውዬ ድንጋዩን አምጣ አልኩት፤ ምክንያቱን አልጠየቀኝም፣ ሳይገባው አልቀረም። ወደ ግቢው ገብቼ የአባቴን ክፍል መስኮቶች በሙሉ ከፈትኳቸው። በራሱ ጊዜ ይደርቃል።

ለእትዬ ይታይሽ ግን ዛሬም አልነገርኳትም። ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ቦይለር መሰረዝ እንዴት ቀላል ነው!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ጠዋት ከሆስፒታል ወጡ። ከሰዓት መጠለያው ሄድኩ። ለቤተሰቡ የደረሰው በላስቲክና በብርድ ልብስ የተከፈለ አንድ ጥግ ነው። ነፋሱ በላስቲኩ ስር ይገባል። ቤት ስሠራ ስንት ጊዜ ስለ ብርድ አወራሁ፤ እዚህ ግን መጥቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ሞላ ጋደም ብለዋል፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ቁጭ ይበሉ አለችኝ። ቆሜ ልናገር ብዬ ጀመርኩ። "ከሰሉን የገዛሁት እኔ ነኝ። ዝጉት ያልኩትም እኔ ነኝ። እሳቸውማ ደግ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።"

መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው። "እኔ ደግሞ ሰደብኩህ" አለችው፣ በቀስታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ለሐኪሙስ ነግረሻል?"

"አልነገርኩም።"

"ሂጂ ንገሪ።"

ያልጠበቅሁት የጋሽ ሞላን ነው። ተቆጡ። "ምን አሳሰበዎት? እኔ ችዬው ነበር! አሁን ይቺ መቼ ትለቀኛለች? ሥራዬን አሳጡኝ።" ፊታቸውን ወደ ላስቲኩ አዞሩ። ንስሐዬ እንጀራቸውን ሊወስድባቸው እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ስለ ራሴ ሸክም ብቻ ነበር ያሰብኩት።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙን ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት። ነገርኩት። የማስተምረውንም ነገርኩት። ካርዱን አወጣና አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈበት። ቀና ሳይል "ለተማሪዎችዎም ይንገሯቸው" አለኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከቅዳሴ ስመለስ እትዬ ይታይሽ ግቢው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ብቻዋን ናት። ግቢ አልኳት። ክፍሉን አሳይኝ አለች። ወለሉን አየች፣ መስኮቶቹን አየች፣ አንዱን ዘግታ መልሳ ከፈተችው።

"ቀን ቀን ይሠራል" አለች። "ሌሊት አያድርም። ደመወዙ አይቀነስም። ሆስፒታል የተኛበትም ቀን ይታሰብለታል።"

"እሺ።"

"ሥራው ሲያልቅም ሌላ ቦታ ታፈላልጊለታለሽ።"

"እሺ።"

ሻይ ላፍላልሽ አልኳት፤ አልፈልግም አለች። በሩ ድረስ ሸኘኋት። እጄን ዘረጋሁ፣ አልጨበጠችኝም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጥቂት እንደሄደች ቆም ብላ "ነገ ይመጣል። ቁርሱን በልቶ ስለሆነ ትንሽ ሊያረፍድ ይችላል" አለችኝ።

ያርፍድ። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም።