ነብሩን ማን አደማው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማ፣ ጉልበትሽስ እንዴት አረገሽ፣ ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? ምሥራቅስ ትምህርቷን እየሄደች ነው? ደህና ነን በይኝ፣ ከወዲያ አንድ ደህና ነገር መስማት አምሮኛል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ እርሳሱን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እማ። ይህን የምጽፍልሽ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጬ ነው፣ ወንዶቹ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሳይመለሱ ልጨርስ። ፊደሉ ቢወላገድ አትፍረጅብኝ፣ ከአራተኛ ክፍል ያስወጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ምሥራቅዬ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽ አይደል፣ ወረቀቱን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለዲያቆኑም ቢሆን። በሩን ዝጊና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። አንዳንዱን ነገር አንቺ ስለምታነቢው አልጻፍኩትም፣ እማ ግን ይገባታል።

እማ ወሬውን ሳትሰሚ አትቀሪም፣ ይሄይስ ነብር ገደለ ተብሎ ጅጋ ገበያ ድረስ ተወርቷል አሉ። እውነት ነው ባሌ ገድሏል። ከኅዳር ጀምሮ ያ ነብር አላስተኛን ብሎ ነበር፣ ከኛ ብቻ ስምንት በግ በላ፣ የአማቴን የአባባ ገብረሰንበትን ውርንጭላ ከደጅ ጎትቶ ወሰደ። በጥምቀት ማግስት አሥራ አንድ ሆነው ወጡበት። ገብሱ ከሚያልቅበት በላይ፣ ጅብራ ብቻ ከሚቆምበት ድረስ፣ ውርጩ የጓሳውን ሣር መርፌ አርጎት። ሁለት ቀን ጉም ውስጥ ዱካ አጥተው ዞሩ፣ አንዱ ሳል ይዞት ተመለሰ፣ አንድ ውሻ ገደል ገባ። በሦስተኛው ቀን ይሄይስ ነብሩ ከአስታው ቁጥቋጦ መሃል እያነከሰ ሲወጣ አየውና በአንድ ጥይት ጣለው። እያነከሰ የምልሽን ልብ በይልኝ።

ተሸክመውት ሲወርዱ አገሩ ሁሉ ወጣ፣ ተፎከረ፣ ተተኮሰ፣ የገዳይ ቅቤውን አናቱ ላይ ያረግኩለት እኔው ነኝ። ይሄይስን ታውቂዋለሽ፣ ታናሽ ነው፣ በሰው መሃል ሲናገር እንኳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያን ቀን ግን አረጋውያን ተነሱለት። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቆዳው ሲገፈፍ ግን በግራ ትከሻው ላይ ቁስል ተገኘበት፣ መግል የያዘ፣ የጥይት ያልሆነ። ሰው ሁሉ ቁስሉን ሊያይ ተጠጋ። ደንቡን ታውቂያለሽ፣ አባባም ሲናገሩት ኖረዋል፣ አውሬን መጀመሪያ ያደማው ነው ገዳዩ፣ በመርፌም ቢወጋው። ኋላ የጣለው ሰው ሬሳ እንደ መታ ነው የሚቆጠር።

ያኔ ሀብተሚካኤል ተነሳ። የይሄይስ ታላቅ ወንድም ነው፣ ለመስቀል መጥቼ ስሙን ያነሳሁልሽ ሰውዬ። ይህ የኔ ጦር ነው አለ። ከጥምቀት በፊት በነበረው ሐሙስ ብቻዬን ወጥቼ ወጋሁት፣ አመለጠኝ፣ አውሬ አመለጠኝ ብዬ ምኑን ላውራው፣ አፍሬ ዝም አልኩ አለ።

ይሄይስ ሳቀ። ሐሙስ እኔ ቡሬ ጥይት ፍለጋ ሄጄ ያንተ በቅሎ እኔ ደጅ ታስራ መዋሏን ነግረውኛል፣ ታዲያ ነብሩ እኔ ጓዳ ገብቶ ነው የወጋኸው? አለው። ለቀልድ ነው ያለው እማ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቅቤውን ከእጄ ላይ እየጠረግኩ ነበር፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ሀብተሚካኤል ዓይኑን እንኳ አላሸም። በቅሎዋ ያን ዳገት አትችልም፣ አንተ ደጅ አስሬ በእግሬ ወጣሁ፣ ከቤት የነበረችው ትመስክር አለና እኔን አየኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ ሣር ላጭድ ወጥቼ ነበር፣ አላየሁም አልኩ። አየሽልኝ፣ በገዛ አፌ መንገዱን ጠረግኩለት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተበላሸ። ቅቤው ከአናቱ ይታጠብ የሚል ተነሳ። ይሄይስ አላጥብም አለ። በገዛ ወንድሙ ፊት ጠመንጃውን አቀባበለ፣ አምስት ሰው ነው የያዘው። እስካሁንም አልታጠበም፣ ቅቤው አናቱ ላይ ሸቷል፣ እህል አይበላም፣ በሐሰት ምሎ ክብሬን ከወሰደ ከማርያም ቅጥር ሲወጣ እጥለዋለሁ ይላል። ይጥለዋል እማ። ወይ ሀብተሚካኤል ይቀድመዋል፣ እሱም ታጥቆ ነው የሚያድር።

ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ቀጠሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም ይወጣል። ሀብተሚካኤል የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይምላል፣ ከመማሉ በፊት መምሬ ግዝት ያነባሉ። ያን ሐሙስ ሀብተሚካኤል የት እንደዋለ ያየ ያወቀ ይናገር፣ አውቆ የደበቀ ይወገዝ፣ ብለው። በእንጨቱ በድንጋዩ የሚሉት ሁሉ አለበት።

እኔ ነኝ የማውቀው። ከኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ተራራ አልወጣም። በቅሎውን አሰረ፣ ይሄይስ የለም አልኩት፣ አውቃለሁ አለኝ። ገባ። በሩን ከውስጥ ዘጋው። ምሥራቅ ስለምታነበው ከዚህ አላልፍም።

ለመስቀል መጥቼ ያ ሰው ባሌ ሲሄድ እየጠበቀ ይመጣል፣ ዓይኑ አላማረኝም ስልሽ የባል ወንድም ወንድም ነው አልሽኝ። ትዳሯን ጥላ መጣች ይሉናል፣ እህትሽስ ማን ያገባታል አልሽኝ። ስንቄን ቋጥረሽ በማግስቱ መለስሽኝ። አልወቅስሽም። አይ፣ ወቀስኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ሌላ የምወቅሰው ሰው የለኝም።

ያን ሐሙስ ሰውዬው ሲሄድ ተነሳሁና ማጭዴን አንስቼ ወጣሁ፣ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ወደ አንቺ ልመጣ ነበር። በመንገዱ ብመጣ ሰው ያየኛል፣ ቀሚስሽን ምን ቀደደው ይለኛል፣ ስለዚህ በተራራው ልሻገር አልኩ። ጉሙ እጄን እንኳ አያሳይም ነበር። አስታው ውስጥ ስገባ ነብሩ ጠቦት ሲበላ ደረስኩበት። አልጮህኩም። ያን ቀን የምጮኸውን ጮኼ ጨርሼ ነበር፣ የሰማኝም አልነበረም። ዘሎ ክንዴን ሲይዘኝ ማጭዱን ትከሻው ላይ አገባሁለት፣ እንደገና ልመታው ስል ለቀቀኝና ወደ ገደሉ ሄደ። ስመታው የነብር ፊት አይደለም የታየኝ እማ። የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ቁጭ አልኩ። ጉሙ ገለጥ ሲል ታች ያ የናንተ ወገን ታየኝ፣ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ሜዳ፣ ቆርቆሮው ሲያበራ። ሮጬ ብወርድ ሳይመሽ እደርስ ነበር። ደርሼስ? ብትመልሽኝስ? ይህን አሰብኩና ተመለስኩ። ለይሄይስ የቀጋ እሾህ ቧጠጠኝ አልኩት፣ አራት ጭረት ነው፣ እሱ ምን ይጠራጠራል፣ አጥቦ ቅባት ቀባልኝ።

አሁን ዝም ብል ሰውዬው ይምላል፣ ይሄይስ ይገድለዋል ወይ ይሞታል፣ ግዝቱም እኔ ላይ ይቀራል። ብናገር ደግሞ ይሄይስ የነብሩን ነገር ትቶ በሌላው ይገድለዋል፣ ወይም እኔን ቀድሞ አብረሽው ነበርሽ ይለኛል። ሰውዬውም ይህን ያውቃል። ማክሰኞ ወንዝ ድረስ ተከተለኝና እንስራዬን እያሸከመኝ፣ ሰው እያየው፣ ተይ እንጂ እመቤት፣ ማን ያምንሻል አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። የሚያየን ሰው ደግ ወንድም ነው ሳይል አይቀርም።

ትናንት አባባ ጨው አምጭልኝ ብለው ጠሩኝ። ቆዳውን እሳቸው ናቸው የያዙት፣ ችካል መትተው ወጥረውታል። በወጣትነታቸው ዓባይ በረሃ ጎሽ የገደሉ ሰው ናቸው፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ጨውን እየነሰነሱ ጣታቸውን ቁስሉ ላይ አሳረፉ፣ ዳር ዳሩን ዳሰሱት። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፣ ጦር በስቶ ይወጣል፣ ይህ ግን ገብቶ ጠምዟል፣ ማጭድ ነው ልጄ አሉኝ።

ጨው ከእጄ ወደቀ። ሁለቱም ልጆቻቸው ናቸው እማ። ለማን ብለው ይናገራሉ? እኔ እንዳነሳው ጎንበስ ስል እጅጌዬ ተሰበሰበና ክንዴን አዩት። ወይ በዓይናቸው አዩት ወይ በሌላ፣ ብቻ አዩት። አባባ አወቁ እንዴ አልኳቸው። እኔ ሸምግያለሁ፣ የማውቀውን አላወራም፣ ሲነገረኝ ግን እሰማለሁ አሉ። ቀጠሉና፣ እሑድ መሣሪያ ከቅጥር አይገባም፣ የሁለቱንም እኔ ነኝ የምቀበል፣ አንቺ የሚቆምልሽ ወገን ካለሽ ላኪበት አሉኝ።  ጨውን ሰብስበው ቀጠሉ።

ስለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ስልኩን ይሄይስ ይዞታል፣ ኔትወርኩም አንድ ቀን አለ ሦስት ቀን የለም። ወረቀቱን ጎረቤቴ ወለተ ሐና ነጭ ሽንኩርት ይዛ ጅጋ ስትወርድ በሰው ታደርስልሻለች፣ ምን እንደተጻፈበት አታውቅም። እንደደረሰሽ ተነሺ። እስከ ገበዝ ማርያም መኪና ካለ በመኪና፣ ከሌለ በቅሎ ለምነሽ ነይ። ጉልበትሽ እንደማያስኬድሽ አውቃለሁ፣ ግን ነይ። ሽማግሌ እንዳታስከትዪ፣ አጎቴንም እንዳትነግሪ። አንቺ ብቻ። እሑድ ቅዳሴው ሳይወጣ ድረሽልኝ።

ግዝቱ ሲነበብ እነሳለሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ነብሩን ያደማሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ አባባ ቁስሉን ያሳያሉ፣ ሳቁ ይቆማል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው፣ ምን ልትሠሪ ያን ያህል ከፍታ ወጣሽ ሳይለኝ አይቀርም። የምፈራው እዚህ ላይ ነው እማ። ያኔ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ቁሚልኝ፣ ሌላ ሰው አላይም፣ አንቺን እያየሁ ነው የምመልሰው። ቀና ብለሽ ካየሽኝ ሁሉን እናገራለሁ። ዓይንሽን ወደ መሬት ከጣልሽ ግን ሣር ላጭድ ነው እላለሁ፣ ሰውዬውም በሩን ይዞ ይምላል፣ የሚሆነውም ይሆናል።

ድምፅ ሰማሁ፣ ከለቅሶው መመለሳቸው ነው መሰለኝ። ምሥራቅዬ ሳሚልኝ እሷን፣ ጉልበቷንም ሳሚልኝ። እማ እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ሸክምሽን ታቅልልሽ፣ ለደጇ በሰላም ታድርስሽ። ምርቃትሽ አይለየኝ። ከርግማንሽም ሰውሪኝ።

ያኔ የመለስሻት የበኩር ልጅሽ