በጓድ ውብሸት ስም ስለተቆለፈው ኮምፒውተር

ለክቡር ጓድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አከራይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የመልካ ወረር ሙቀት በማይደርስበት ቢሮዎ አላህ ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎ እያልን፣ እኛ የጥጥ እርሻው የደመወዝ ክፍል ሠራተኞች ከወባ ትንኙና ከፕሮግራማችሁ በቀር ደኅና ነን።

፩ኛ. ኮምፒውተሩን ገዝተነዋል፤ ደመወዝ የሚያሰላው ፕሮግራም ግን በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ኪራይ የሚከፈልበት መሆኑን፣ ከገዛን በኋላ ስላስረዳችሁን እናመሰግናለን። ላም ገዝቶ ወተቱን መከራየት እንዳለ ከእናንተ ተማርን።

፪ኛ. ፈቃዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው በማለታችሁ በባልደረባችን በጓድ ውብሸት ስም ተመዘገበ። ውብሸት አምና ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም ወሬም የለም። በስሙ እየከፈትን ስንሠራ ለዕድሳት የመጣው ተቆጣጣሪያችሁ ደረሰብንና ቆለፈው። የሰው ስም ሌቦች መሆናችንን ስለነገረን ምስጋናችን ይድረሰው።

፫ኛ. ስሙን ለውጡልን ብንል፣ ባለፈቃዱ በአካል ቀርቦ ይፈርም፣ ካልሆነም መሞቱን ሚስቱ በፊርማዋ ታረጋግጥ አላችሁ። ወይዘሮ ውባንች ባሌ አልሞተም ብላ ወረቀቱን መለሰችልን። ማን ይፈርድባታል? መንግሥት ሞተ ያላለውን ሰው እሷ እንዴት ትግደለው? ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ በእጅ የተሠራ የደመወዝ ሰነድ አልቀበልም ስላለ፣ ከወሎ የመጡት ጥጥ ለቃሚዎች ለቀማው ካለቀ በኋላም መሳፈሪያ አጥተው ዳሳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው በወባ እየወደቁ ነው። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ይህንንም የጻፍሁት መልስ ጠብቄ ሳይሆን ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

የማይዘምትና የማይሞት ሠራተኛ እስክንቀጥር ድረስ በትዕግሥት የምንጠብቅ፣ ለድርጅትዎ ብልጽግና ያለማቋረጥ የምንከፍል መሆናችንን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ከድሩ ጀማሉዲን
የደመወዝ ክፍል ኃላፊ
መልካ ወረር፣ የካቲት ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ወደ እናንተ ሊላክ፣ ግልባጩም በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ሊለጠፍ ሲል፣ ወይዘሮ ውባንች የለቃሚዎቹን ልጆች አይታ መጥታ የባሏን የሞት ማረጋገጫ ፈረመች። ወረቀቱ ተያይዞ ቀርቧልና እንኳን ደስ አላችሁ። ምናልባት ሰውየው በሕይወት ተመልሶ በራችንን ቢያንኳኳ ግን፣ የመኖር ፈቃዱን ለማሳደስ ስንት እንደምታስከፍሉት ከወዲሁ ትገልጹልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።